የሰማይ ለቅሶ

ማክሰኞ በነቀምቴ፣ በባኬ ጃማ ሰፈር ውሃ የሚለቀቅበት ቀን ነው። ቀለሟ ጎህ ሲቀድ ተነሥታ በርሜሉን ሞላች፤ ጀሪካኖቹን በበሩ ሥር ደረደረች፤ ቧንቧውን ዘጋች። እንቁላል ቀቅላ ቆማ በላች። ከትናንት የተረፈውን ጭቃ ከጫማዋ ጠረገች። የጎረቤቷ የአቶ ዋለ አውራ ዶሮ እንደ ልማዱ በአጥሩ ቀዳዳ ሾልኮ ገብቶ ጎመኗን ሲጭር አገኘችውና በጠጠር አባረረችው።

«ዶክተር፣ እሱ እኮ ሊማር ነው የሚመጣው» አላት ዋለ ከአጥሩ ወዲያ፣ ጥርሱን እየፋቀ።

«እንግዲያው ወላጅ ይዞ ይምጣ» አለችው።

ከዚህ በኋላ የቀረው የጋሩማ ስልክ ነበር። ባሏ ጋሩማ የእንስሳት ሐኪም ነው፤ በዚያ ሰሞን ከጊምቢ ማዶ ባሉ ቀበሌዎች ከብት ይከትብ ነበር። በየጠዋቱ ሞተር ሳይክሉን ከማስነሣቱ በፊት ይደውላል። ብዙ ቁም ነገር አያወራም። ያደረበትን ቤት ቁንጫ ያማል፤ በቀንዱ ሊያነሣው የነበረውን በሬ ይረግማል፤ ምን እንደበላች ይጠይቃል፤ ይዘጋል። የዚያን ቀን አልደወለም። እሷ ስትሞክር ማግኘት አይቻልም የምትለዋ ሴትዮ መለሰችላት። በዚያ በኩል ኔትወርክ ጠፍቶ ሰንብቶ ብቅ ማለቱ የተለመደ ነው። ስልኩን ቦርሳዋ ውስጥ ጣል አድርጋ ወጣች።

ባጃጁ ገበያውን አልፎ ዳገቱን ሲጀምር ስልኩ ጮኸ። ጋሩማ መስሏት ቦርሳዋን በጥድፊያ ከፈተች። ጋሩማ አልነበረም። ሰማዩን ከምትከታተለው ሳተላይት የመጣ መልእክት ነበር።

ቀለሟ በዳገቱ ላይ ባለው ኮሌጅ ፊዚክስ ታስተምራለች፤ ከማስተማሩ ጎን ለጎን የምታጠናው የከዋክብትን ሞት ነው። ከፀሐይ ብዙ እጥፍ የሚገዝፍ ኮከብ ነዳጁን ጨርሶ ወደ ውስጡ ሲናድ የጋማ ጨረር ይፈነጥቃል። ብልጭታው በቢሊዮን የሚቆጠሩ ዓመታት ተጉዞ እኛ ዘንድ ይደርሳል፤ ደርሶም እፍ እንደተባለ ሻማ ወዲያው ያልቃል። አየሩ ስለሚውጠው መሬት ላይ የቆመ ሰው አያየውም፤ የምታየው ሳተላይት ብቻ ናት። ከብልጭታው በኋላ የሚቀረው ፍም ለቀናት ይታያል፤ ቴሌስኮፕ ያለው ሁሉ ተሯሩጦ ይደርስበታል። የመጀመሪያው ብልጭታ ግን እንዲያ አይደለም። ያኔ ያየው አየው፤ ያላየው ተመልሶ አያገኘውም።

ሳተላይቷን በየአገሩ ያሉ ተመራማሪዎች ተራ ገብተው ይጠብቃሉ። ምልክት ሲመጣ ተረኛው እውነተኛ ፍንዳታ መሆኑን ይመረምራል፤ ፀሐይ አታልላ እንደሆነ ያጣራል፤ መረጃው ወርዶ ሲያልቅ ደግሞ አጭር ማስታወቂያ ጽፎ ለዓለም ይበትናል። ችግር የገጠመው ተረኛ አንድ መስመር ጽፎ ተራውን ለተጠባባቂው ማስተላለፍ ይችላል፤ ማንም ለምን ብሎ አይጠይቀውም። ለዚያ ማክሰኞ ተረኛዋ ቀለሟ ነበረች። ከነቀምቴ ሰው ተረኛ ሲሆን የመጀመሪያው ነበር።

መልእክቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው። «ቶሎ ንዳልኝ» አለች።

«አዴ ቀለሟ፣ ደህና ነው?» አለ ባለባጃጁ ኢቢሳ በመስታወቱ እያያት።

«አንድ ኮከብ ሞተ፣ ኢቢሳ።»

«ዘመድ ነበር?»

«የሩቅ።»

«ዋቅኒ ሲ ሃ ጀጀቤሱ» አላት፣ እግዜር ያጽናሽ እንደማለት፣ ድምፁን ልክ በለቅሶ ቤት እንደሚባለው ወደ ታች ጎትቶ። ሁለቱም ሳቁ።

ቀልዱ የኢቢሳ ቢመስልም ሥሩ የጋሩማ ነው፤ ከተማው ውስጥ ያሰራጨው እሱ ነው። እሷ ኮምፒውተሯ ላይ አፍጥጣ ባየ ቁጥር ጋቢውን ትከሻው ላይ ጣል ያደርግና እጆቹን እምብርቱ ላይ አነባብሮ በሩ ላይ ይቆማል። «ዛሬም የሰማይ ለቅሶ ነው?» ይላል። «ሟች ስንት ልጅ ጥሎ ሄደ?» እሷም፣ «ና ግባ፤ ንፍሮ አልቋል» ትለዋለች። የሰማይ ለቅሶ የቤታቸው ቃል ሆኖ ቀረ። ራት ስታዘገይ የሰማይ ለቅሶ ላይ ናት። ሲጠራት ሳትሰማው ስትቀር የሰማይ ለቅሶ ላይ ናት።

ባጃጁ ዳገቱን በሚወጣበት በዚያ ሰዓት ጋሩማ ጊምቢ ከተማ፣ አንድ ሐኪም ቤት ውስጥ ተኝቶ ነበር። በቆሎ የጫነ መኪና መታጠፊያው ላይ ሞተሩን ገጭቶታል። ይህን ቀለሟ ያወቀችው በኋላ ነው፤ ከዚህም ከዚያም ለቅማ። አንባቢ ግን ከአሁኑ ቢያውቀው ይሻላል፤ በዚያ ቀን ከእሷ በቀር ያላወቀ አልነበረምና።

ወደ ሐኪም ቤት ያደረሰው የሥራ ባልደረባው ተረፋ ነው። ሐኪሞቹ ሆዱ ውስጥ እየደማ መሆኑን፣ ወደ ነቀምቴ ቢጫን በሕይወት እንደማይደርስ ነገሩት። ጋሩማ ነፍሱን ያውቅ ነበር። «ቀለሟን ጥራልኝ» አለው። ተረፋ የቀለሟ ስልክ ቁጥር ነበረው። ነገር ግን እንዲህ ያለ ወሬ ለሚስት በስልክ አይነገርም፤ በቅርቧ ላለ ሰው ይነገራል፤ እሱም ሰው ሰብስቦ፣ አለሳልሶ ይነግራታል። ተረፋ ያደገው እንዲህ ሲደረግ እያየ ነው። ስለዚህ የደወለው ለኮሌጁ ዲን ለዶክተር እሸቱ ነበር።

«በሕይወት አለ። እየጠራት ነው» አለው። «እንዳትደነግጥ አድርጋችሁ አምጧት። ግን ቶሎ።»

እሸቱ ስልኩን ሲዘጋ ቢሮው ውስጥ ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ ሂሳብ የሚያስተምረው ሮብሳንና የቀለሟ የልብ ጓደኛ ሊሊሴ። ሊሊሴ ከወንበሯ ብድግ አለች።

«የት ነው?» አላት እሸቱ።

«ልነግራት ነዋ!»

«ተቀመጪ። አሁን ሮጠሽ ብትነግሪያት መንገድ ላይ እሷንም እናጣታለን። ሰውየው ነፍሱ አለች፤ ሐኪም ቤት ነው፤ ሐኪሞች አሉ። ትንሽ ትረጋጋ። የጀመረችውን ትጨርስ። እንግዶቹ ከምሳ በኋላ ይገባሉ፤ እንዳለቀላቸው በራሴ መኪና ይዣት እሄዳለሁ።»

እንግዶቹ የኮሌጁን የትምህርት ጥራት ሊመዝኑ ከአዲስ አበባ የመጡ ሰዎች ናቸው። እሸቱ ከሳተላይት ጋር የምትሠራ መምህር አለችን ብሎ አስቀድሞ ጽፎላቸዋል። ፍንዳታው በዚያው ቀን መምጣቱን ከጸሐፊዋ የሰማው ከተረፋ ስልክ ትንሽ ቀደም ብሎ ነበር፤ እግዚአብሔር ነው ያመጣልን ብሎ ነበር።

«እየጠራት ነው እያለ እኮ ነው» አለ ሮብሳን።

«ታዲያ አንተ ትነግራታለህ?» አለው እሸቱ ዞሮ። «በል ሂድ። ግባና ባልሽ ሊሞት ነው በላት። እንዴት እንደሚነገር ታውቅበት የለ? ሂድ እንጂ!»

ሮብሳን አልሄደም። ሊሊሴ ተመልሳ ተቀመጠች። እሸቱ ለተረፋ ደውሎ፣ «ሥራ ይዛለች፤ ስትጨርስ ይዣት እመጣለሁ» አለው። ተረፋ ከዚህ ቃል የተረዳው ነግረዋት ሥራዋን ማስቀደሟን ነው።

ያን ቀን ቀለሟ በኮሌጁ ሳለች እንደዚያ ተከብራ አታውቅም። በረንዳ ላይ ያገኛት ሁሉ እጇን በሁለት እጁ ይዞ ጨበጣት። ጸሐፊዋ የምሥራች፣ ለወትሮው ቁልፍ ስትጠየቅ ፊቷ የሚጠቁረው፣ አንገቷን አቅፋ ሳመቻትና ሄደች። ሮብሳን ሳትጠይቀው ፕሮጀክተሩን አምጥቶ ገጠመላት፤ ገመዱን ሲሰካ ቀና ብሎ አላያትም። ሊሊሴ በምሳ ሰዓት ሳምቡሳና የአቮካዶ ጭማቂ ይዛላት ገባች።

«አንቺ? ምን ተገኘ?» አለች ቀለሟ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳታነሣ። «ባለፈው የሻይ እንኳ እኔን አስከፍለሽ።»

«ብይ ዝም ብለሽ።»

«አንቺስ?»

«በልቻለሁ።»

ቀለሟ እየበላች የሆነውን አሳየቻት። ስክሪኑ ላይ ግራፍ አለ፤ ከግራ በኩል ዝቅ ብሎ የሚሄድ፣ ከዚያ ሽቅብ የሚወነጨፍ መስመር።

«ይኸውልሽ፣ ጨረሩ እዚህ ጋ ነው መምጣት የጀመረው። ወጣ፣ ወጣ፣ ወጣ… ከዚያ እዚህ ላይ ምንም የለም። ባዶ። ከዚያ ደግሞ በዚህ ማዶ ሲወርድ ሳተላይቷ እንደገና ታያለች።»

«ለምን?»

«በዛባቸው። መቁጠሪያዎቹ ከሚችሉት በላይ ሆነ፤ መቁጠር አቃታቸው። ዋናው የደመቀበት ላይ ሳተላይቷ ታወረች በይው። አይገርምሽም? ደካማ ቢሆን ኖሮ ሁሉንም ታየው ነበር።»

ሊሊሴ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

«ምን ሆነሻል?»

«ጉንፋን ነው።»

«ጋሩማ ዛሬ ደውሎልሻል? እኔ ስደውል አይገባም።»

«አልደወለም» አለች ሊሊሴ። ይህ ብቻ እውነት ነበር።

ቀለሟ ሳምቡሳውን ጨረሰች። በኋላ ስታስበው ከሁሉም በላይ የሚያንቃት ይህ ሳምቡሳ ነው፤ ጥሞት ነበር። ሰው ሲሳካለት እንዲህ ነው የሚወደድ ብላ አስባለች። ማታ ለጋሩማ ስትነግረው በየሰዉ አቀባበል እንዴት እንደሚስቅ በልቧ አስቀድማ ሰምታዋለች።

እንግዶቹ ሲገቡ ማስታወቂያውን ጽፋ ጨርሳ ነበር፤ የቀረው መላክ ብቻ ነው። እሸቱ ግን እንግዶቹ ፊት እንድትልከው ስለፈለገ ቆይ አላት፤ ቆየች። አዳራሹ ሞላ። ስለ ብልጭታው ተናገረች። እሸቱ ከፊት ወንበር ተነሥቶ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ሲወጣ አየችው፤ ተመልሶ ሲቀመጥ አየችው፤ ደግሞ ሲወጣ አየችው። የዲን ሥራ ነው አለች በልቧ።

ከእንግዶቹ አንዱ፣ ክራባቱን ያላላ ሰውዬ፣ እጁን አወጣ። «ዶክተር፣ ይሄ ለወለጋ ገበሬ ምን ይጠቅማል?»

«ዛሬ ምንም» አለች። አዳራሹ ሳቀ። «ግን የገበሬው ልጅ መጠየቅ ከፈለገ የሚጠይቀው ሰው እዚሁ አለ።»

አጨበጨቡ። ሌላው እንግዳ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ከፍ አድርጎ ግራፉን ተመለከተ።

«መካከሉ ላይ የጎደለውን መሙላት አይቻልም? ከዚህ ወገን ወጥቷል፤ ከዚያ ወገን ወርዷል። እኔ ብሆን ሁለቱን ጫፍ አገናኝቼ ተራራ እሠራለሁ።»

«ይቻላል፤ የሚሞክሩም አሉ። እዚህ ማስታወቂያ ላይ ግን አንሠራውም። ካገናኘነው ያላየነውን አየን ማለት ነው። ባዶ ከሆነ ባዶ ነው ብለን እንጽፋለን።»

እሸቱ በዚያ ሰዓት በአዳራሹ በር ላይ ቆሞ፣ በአንድ እጁ ስልኩን ይዞ፣ በሌላው አውራ ጣቱን አሳያት። ጎበዝ እንደማለት። እሷም ፈገግ አለችለት፤ ማስታወቂያውንም ላከች።

እንግዶቹ ሻይ ሊጠጡ ሲወጡ እሸቱ በጎን ወሰዳት። ሊሊሴና ሮብሳን ከኋላው ነበሩ። «ቀለሟ፣ አትደንግጪ፤ ጋሩማ ትንሽ አሞታል። ከሞተር ወድቆ ነው። ጊምቢ ነው ያለው፤ ሄደን እንየው።»

«ምኑን ነው?»

«እግሩን መሰለኝ።»

«እኔም አውቄ ነበር፤ ያ ሞተር!» አለች። ቦርሳዋን አነሣች። ለመውጣት ስትሮጥ የፕሮጀክተሩ ገመድ እግሯን ጠለፋት፤ ሮብሳን ደገፋት። ደጋግሞ፣ «አይዞሽ፣ አይዞሽ» ሲላት፣ «እግር እኮ ነው» አለችው እሷው አጽናኝ ሆና።

መኪናው ውስጥ ለጋሩማ ልታነብለት ያሰበችውን ማስታወቂያ ስልኳ ላይ ከፍታ ይዛ ነበር። መንገድ ላይ፣ ዲጋ ከተማ ሲደርሱ የእሸቱ ስልክ ጮኸ። መኪናውን ዳር አቁሞ ወርዶ አነጋገረ። ጀርባውን ሰጥቷቸው፣ ጭንቅላቱን ዝቅ አድርጎ፣ ረጅም ጊዜ ቆመ። ሲመለስ፣ «ጥሩ ወሬ ነው» አለ። «ሪፈር ብለውታል። በአምቡላንስ ወደ ነቀምቴ እያመጡት ስለሆነ እንመለስ።»

«እሰይ!» አለች ቀለሟ። «እንግዲያው እዚሁ እንጠብቀዋ። በዚህ አይደል የሚያልፈው?»

በሩን ከፍታ ወረደች። አስፋልቱ ዳር ቆማ ከምዕራብ የሚመጣውን መኪና ሁሉ እጇን ግንባሯ ላይ ጋርዳ ታይ ጀመር። ሚኒባስ አለፈ። በቆሎ የጫነ መኪና አለፈ፤ አቧራ አለበሳት፤ እሷ ግን ከስፍራዋ አልተነቃነቀችም። ሊሊሴ መኪናው ውስጥ ሻርፗን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ታለቅስ ነበር።

«ቆይቶ ነው የሚደርሰው» አላት እሸቱ በመጨረሻ። «ቤት ሄደሽ አልጋውን ብታዘጋጂለት አይሻልም? ታማሚ ደክሞት ነው የሚመጣው።»

ይህ ልክ መሰላት። ቤቷ ተመለሰች። አልጋውን ዘርግታ ንጹሕ አንሶላ አነጠፈች፤ የተሰበረ እግር ከፍ ማለት አለበት ብላ ትራስ በግርጌው አኖረች። ሾርባ ሠራችለት፤ ነጭ ሽንኩርት እንደሚወደው አበዛችበት። የጎረቤት ሴቶች እየገቡ አብረዋት ተቀመጡ፤ ሽንኩርት ላጡላት፤ ውሃ ቀዱላት። ሁሉም ያውቁ ነበር። ከመካከላቸው አንዷ እንኳ ሾርባው አያስፈልግም አላለቻትም። አምቡላንሱ ጎማ ተንፍሶበት ነው አሏት። ቀጥሎ መንገድ ተዘግቶበት ነው አሏት። ሾርባውን ሦስት ጊዜ አሞቀችው።

ሲነጋጋ በሯ ተንኳኳ። ከፈተች። ግቢው በነጠላና በጋቢ ተሞልቷል። ዋለ በአጥሩ በኩል ሳይሆን በበሩ ገብቶ ቆሟል። ኢቢሳ ባርኔጣውን አውልቆ ይዟል። ከፊት ያሉት የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ኦቦ ዋጋሪ ናቸው። አፋቸውን ከመክፈታቸው በፊት ፊታቸውን አየች፤ ከዚያም የሌሎቹን ፊት፤ ትናንት ኮሌጁ በረንዳ ላይ ያየችው ፊት መሆኑ ያኔ ገባት።

«ጌታ ሰጠ፣ ጌታ ወሰደ፣ ልጄ» አሉ ኦቦ ዋጋሪ። «ጋሩማ ትናንት አርፏል። በሰላም ነው ያረፈው። ሰላም ነኝ በሏት ብሎ ነው ያረፈው።»

የቀረውን አልሰማችም። ይህን አንድ ቃል ግን ያዘችው። ሰላም ነኝ በሏት።

የተቀበረው በጉቶ ጊዳ፣ በአባቱ መሬት ላይ ነው። እናቱ አዴ ዳዲ በሳጥኑ ራስጌ ተቀምጠው ነበር። ቀለሟ ልታቅፋቸው ስትጎነበስ በእጃቸው ከለከሏት። እስከዚያ በኦሮምኛ ያለቅሱ የነበሩት ሴትዮ የኮሌጁም ሰዎች እንዲሰሙ ነው መሰል ለእሷ በአማርኛ ተናገሩ።

«ጨረስሽ?»

ቀለሟ ምን እንዳሉ አልገባትም።

«ሥራሽን ጨረስሽ ወይ? ልጄ ሲጠራሽ ውሎ ሞተ። አልቆልሽ ከሆነ ቀብረሽው ሂጂ።»

ሴቶቹ፣ «ሐዘን ነው፣ ሐዘን ነው የሚያናግራቸው» እያሉ ቀለሟን ወደ ኋላ ሳቧት። ማንም ግን፣ «አልተነገራትም ነበር» አላለም። ይህን ማለት የነበረበት እሸቱ ከመቃብሩ ማዶ ከኮሌጁ ሰዎች ጋር ቆሞ ጥላ ይዞ ነበር።

በለቅሶ ድንኳኑ በሁለተኛው ቀን እሸቱ አጠገቧ መጥቶ ተቀመጠ። ከሊሊሴ ሁሉን ሰምታ ነበር፤ ሊሊሴ እግሯ ሥር ወድቃ ነው የነገረቻት። ቀለሟ እሸቱን በእርጋታ አነጋገረችው።

«ተረፋ መቼ ነው የደወለልህ?»

«ቀለሟ፣ ለአንቺ ብዬ ነው። ተረጋግተሽ እንድትሄጂ። ሁላችንም የምናደርገው ነው።»

«መቼ ነው?»

«ጠዋት።»

«ያኔ ብትነግረኝ እደርስ ነበር?»

«እሱን እግዚአብሔር ነው የሚያውቀው።»

«መንገዱን እኔም አውቀዋለሁ» አለች።

እሸቱ ጉሮሮውን ጠረገ። ከዚያ፣ እንደሚያጽናናት እርግጠኛ ሆኖ፣ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ። «እንግዶቹ በአንቺ በጣም ነው የተደሰቱት። የኮሌጁ ፈቃድ ይታደስልናል። ባዶውን ባዶ ነው ብለን እንጽፋለን ያልሽው… በየሄዱበት እያወሩት ነው።»

ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች። እሸቱ ንፍሮውን ዘግኖ እየቆረጠመ ትንሽ ተቀምጦ ሄደ።

ድንኳኑ ከተነሣ በኋላ ተረፋ መጣ። የጋሩማን ቦርሳ ይዞላት ነው የመጣው፤ የክትባት ሣጥኑን፣ የዝናብ ልብሱን፣ መስታወቱ የደቀቀ ስልኩን። ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ሊሊሴም ነበረች፤ ከዚያ ቀን ወዲህ በየቀኑ እየመጣች ዕቃ ታጥባለች፤ ቀለሟም አትከለክላትም፣ አታናግራትምም።

ተረፋ ይቅርታ ለመጠየቅ አፉን ሲከፍት ቀለሟ በእጇ አስቆመችው።

«ቆይ። እኔ ልጠይቅህ፤ አንተ መልስ ብቻ። ነፍሱን ያውቅ ነበር?»

«እስከ መጨረሻው።»

«የት ናት ሲልህ ምን አልከው?»

ተረፋ ወለሉን አየ። «ዲኑ ያሉኝን ነው። ሥራ ይዛለች፣ ስትጨርስ ትመጣለች። እኔ እኮ አዴ ቀለሟ… የተነገረሽ መስሎኝ ነበር። ለእናቱም ይህንኑ ነው የነገርኩት።»

«እሱስ ምን አለ?»

«‹የሰማይ ለቅሶ ላይ ናት፤ ትጨርስ› አለ።»

ሊሊሴ የምታጥበው ሳህን ድምፁ ቆመ።

«ሲለው ሳቀ?»

«ፈገግ ያለ መሰለኝ።»

«መሰለህ ወይስ አለ?»

«አሞት ይሁን ፈገግታ… ከንፈሩ እንዲህ አለ። አላውቅም። እግዜርን አላውቅም።»

«እሺ። ከዚያስ?»

«ቆይቶ እጄን ያዘኝ። ‹ተረፋ፣ ስትመጣ…› ብሎ ጀመረ። ስልኬ ጮኸ። ዲኑ ነበሩ። ኔትወርክ የሚይዘው በረንዳው ጫፍ፣ ምሰሶው አጠገብ ብቻ ነው። መጣሁ ብዬው ወጣሁ። እየመጣችሁ መስሎኝ ነው የወጣሁት። ‹ትንሽ ቀርቷታል፤ እንግዶቹ ጥያቄ እየጠየቋት ነው› አሉኝ። ይህን ልነግረው ስመለስ…» ተረፋ ዓይኑን በክንዱ ጠረገ። «ነርሷም ከሌላ ታማሚ ጋር ነበረች።»

«ሰላም ነኝ በሏት ያለውስ?» አለች ቀለሟ።

«ማን አለ?»

«ኦቦ ዋጋሪ ነገሩኝ። ሰላም ነኝ በሏት ብሎ ነው ያረፈው አሉኝ።»

ተረፋ ግራ ገብቶት ወደ ሊሊሴ አየ። ሊሊሴ እጇን በቀሚሷ እያደረቀች ከጓዳ ወጣች። «ሽማግሌዎቹ ናቸው» አለች። «እንድትጽናኚ ብለው… ለሁሉም ሰው እንዲህ ነው የሚሉት።»

«ገባኝ።»

«ግን እኮ ሊል የነበረው እሱን ሊሆን ይችላል» አለች ሊሊሴ እያለቀሰች፣ በቀለሟ ጉልበት አጠገብ ቁጭ ብላ። «‹ስትመጣ ሰላም በላት› ሊል ነው። ወይም ‹ስትመጣ እንዳታለቅስ›። ጋሩማን አታውቂውም? ሌላ ምን ሊል ይችላል?»

«ምን ሊል ይችላል ብዬ አልጠየቅኋችሁም።»

ተረፋን አመሰገነችው። ገለቶማ አለችው፤ እስከ በሩ ሸኘችው። ቦርሳውን ሳትፈታ ቁም ሣጥኑ ላይ አስቀመጠችው። ሊሊሴ ሳህኖቹን ደርድራ ስትወጣ፣ «ነገ ልምጣ?» አለቻት። ቀለሟ ጠረጴዛውን ትወለውል ነበር።

በማግስቱ የውሃ ቀን ነበር። በርሜሉን ሞላች፤ ጀሪካኖቹን ደረደረች። የዋለ ዶሮ ጎመኑን ሲጭር አየችው፤ ተወችው። ዋለም ከአጥሩ ወዲያ ሆኖ ዶሮውን ጠራው። ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ቆማ እንቁላሏን በላች።

ጋሩማ፣ «ስትመጣ» አለ። ከዚያ በኋላ ያለው የለም።